የጎማ መጠቅለያው አንገት

ነሐሴ 3፣ ማክሰኞ

ዝናብ። እስከ ቀትር አንድ አይሱዙ ብቻ ታጠበ። እሱም ከቦምቤ ጭቃውን ተሸክሞ የመጣ የእህል መኪና ነው። ታጥቦ ሲወጣ በራችን ላይ መልሶ ጨቀየ። ሹፌሩ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

የማስተምርበት ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ ውሎዬ ላቫጆው ነው። ሥራዬ ደረሰኝ መቁረጥ ይባላል… ዋናው ሥራዬ ግን ይድነቃቸውን መጠበቅ ነው። ባሌ ብቻውን ከተተወ አንድ ነገር ይፈታል፣ የፈታውን ደግሞ አይገጥምም።

ዛሬ መጠቅለያው ማንጠባጠብ ጀመረ። የውሃ ጎማው የሚጠቀለልበት የብረት መዘውር ማለቴ ነው። ከማሽኑ የሚመጣው ውሃ በመዘውሩ መሃል አልፎ ነው ጎማው ውስጥ የሚገባው። እዚያ ጋ ሁለት ብረት ተጋጥሟል፤ አንዱ ቆሞ አንዱ ይዞራል። አንገት እንለዋለን። ስሙን ያወጣለት ወንድሜ ቶማ ነው። መጠቅለያውንም አንገቱንም የሠራው እሱ ነው፣ አረካ ባለው ቶርኖ ቤቱ።

"ለቶማ ልደውል?" አልኩት።

"ለማንም አትደውይ።"

አሮጌ የመኪና ጎማ ካላማዳሪ እንደ መቀነት ቀድዶ አሰረው። ለሚያፈስና ለሚላላ ነገር ሁሉ ያለው መድኃኒት ካላማዳሪ ነው። የጓዳውን ቧንቧ፣ የባልዲውን እጀታ፣ አንዴ የራሱን መነጽር…

እማዬ እንደ ወትሮዋ በረንዳው ላይ ነች። መኪና በገባ ቁጥር "ቶማ ነው?" ትላለች። ዓይኗ ደክሟል፤ የሚመጣውን የምትለየው በድምፅ ነው።

"አይደለም እማዬ። አይሱዙ ነው።"

"እ…"

ቶማ መኪና የለውም። እሷም ታውቃለች።

ነሐሴ 5፣ ሐሙስ

ያንጠባጥባል። ሁለተኛ ካላማዳሪ ታሰረበት።

ነሐሴ 9፣ ሰኞ

አንድ ደንበኛ ዛሬ ጎማው ሲጠቀለል ቆሞ አየ። ከሐዋሳ የመጣ ሰው ነው። "ይሄን ማን ሠራላችሁ? እኛ ጋ ጎማው መሬት ለመሬት ነው የሚጎተተው።"

ይድነቃቸው "አንድ የአረካ ሰው ነው" አለ።

አንድ የአረካ ሰው! የሚስቱ ወንድም፣ የልጆቹ አጎት፣ ከመሥሪያ ቤቱ በቢፒአር ያለ ቦታ ተንሳፍፎ ቤት በዋለ ጊዜ "ጋሼ፣ አይዞህ፣ ማሽኑን ግዛ፣ የቀረውን እኔ እሠራልሃለሁ" ያለው ሰው… አንድ የአረካ ሰው ሆነ።

የአምናውን አልረሳውም። የወላይታ ዘመን መለወጫችን ጊፋታ ሊደርስ ሰሞን ነው። የድሮ የቢሮ ጓደኞቹ ላቫጆውን ሊመርቁለት መጡ። ሁሉም ሸሚዝና ክራባት። ውሃ ሲከፈት አንገቱ ትንሽ ተፍ አለና የአንዱን ሸሚዝ አራሰ። አዲስ ዕቃ አይደለ? ይጠብቃል፣ ይለምዳል። ይድነቃቸው ግን አፈረ መሰለኝ፣ "ምን ታደርገዋለህ፣ የአረካ ብረት ነው፣ ከዚህ በላይ አይጠበቅም" አለ። ሁሉም ሳቁ። ቶማ እዚያው መጠቅለያው ሥር በጀርባው ተኝቶ ነበር፣ መፍቻ ይዞ። እግሩ ብቻ ይታየኛል። የሚያጠብቀውን አጥብቆ ጨረሰ። ተነሳ። እጁን ጠረገ። "ደህና ዋሉ" ብሎ ወጣ።

ያን ጊፋታ አልመጣም። ከዚያ ወዲህም አልመጣም።

"ቀልድ ነው" ይላል ይድነቃቸው። "ሰው በቀልድ ይቀየማል?" ይቀየማል። በተለይ በጀርባው ተኝቶ እየሠራልህ ከሆነ።

ሁለቱንም ተናድጄባቸዋለሁ። አንዱ አንድ ቃል አይወጣውም፣ ሌላው አንድ ቃል ሰምቶ አያልፍም።

ነሐሴ 13፣ ዓርብ

ካላማዳሪው አላዋጣም። ይድነቃቸው ረጅሙን የቧንቧ መፍቻ ከጎረቤት ተውሶ መጣና አንገቱን አጠበቀው። አጠበቀው… አጠበቀው… እጀታው ላይ ተንጠላጠለበት። ማንጠባጠቡ ቆመ።

"አየሽ?" አለኝ።

አየሁ። መዞሩም ቆሟል። ኤልሳዕ ነው የነገረኝ። ኤልሳዕ አጣቢያችን ነው፣ የሦስት ልጆች አባት፣ በቤተክርስቲያናቸው ከበሮ መቺ። አማርኛ ሲናገር ወንዱንም ሴቱንም አንድ ያደርገዋል፣ ግን አንድም ቀን ሳይገባኝ ቀርቶ አያውቅም።

"ፋንታዬ፣ ይቺ መጠቅለያ እምቢ አለች። ጎማው ትጠማዘዛለች።"

"ለእሱ ንገረው።"

"ነገርኩት። ‘አታፈስም አይደል?’ አለኝ። አዎ፣ አታፈስም አልኩ።"

ነሐሴ 16፣ ሰኞ

ፍልሰታ ተፈታ። ይድነቃቸው ጠዋት አስቀድሶ መጥቶ ዶሮውን በላ። ደስ ብሎታል። እኔ ጴንጤ ሆኜ ባልጾምም ስለ እሱ ደስ አለኝ፣ በጾም ሲከርም ፊቱ ይጠቁራል። እጁን እየታጠበ "ይኸው ጠብታ የለም፣ ሰው ሳይለመን" አለ።

ማንን መለመን? ስም አልጠራም።

ጎማው እባብ መስሏል።

ነሐሴ 20፣ ዓርብ

ፈነዳ።

አንገቱ ስላልዞረ ጎማው ሳምንቱን ሙሉ ተጠማዝዞ ተጠማዝዞ… ዛሬ ከሰዓት ልክ ከአንገቱ ሥር ተቀደደ። ውሃው ወደ ላይ ወጣና ወንበር ላይ ጋዜጣ ሲያነብ የነበረ ባለ ነጭ ኮት ደንበኛ ላይ ወረደ። የዞን ሰው ነው። ለትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ስብሰባ ሊሄድ መኪናውን እያሳጠበ። እሱም አብሮ ታጠበ።

ሳቄን ለመያዝ ደረሰኙን አፌ ላይ አደረግሁ። ይድነቃቸው ኮቱን በራሱ መሃረብ ይጠርግለታል፣ "ይቅርታ ጌታዬ፣ ይቅርታ" ይላል።

ቃሉን ያውቀዋል ማለት ነው። ይቅርታ ማለት ይችላል። ለዞን ሰው።

እማዬ ጫጫታውን ሰምታ "ቶማ መጣ?" አለች።

ነሐሴ 24፣ ማክሰኞ

ጎማው ከተቀደደበት ተቆርጦ ተገጠመ። አንገቱ ግን እንደ ድሮው ያፈሳል፤ እንዲያውም ብሷል። በኃይል ስለጠበቀ ውስጡ ተበልቷል መሰለኝ። ሶዶ ያለ የዕቃ ሱቅ ሁሉ ተጠየቀ፣ የለም። ለአንድ የአገር አቋራጭ ሹፌር ተነግሮ ከመርካቶ አዲስ አንገት መጣ። በላስቲክ የተጠቀለለ፣ የሚያብረቀርቅ፣ የሚያምር።

አይገጥምም። የመጠምዘዣ ጥርሱ የኛን አይነክስም።

ይድነቃቸው ደጋግሞ ሞከረው። በቴፍሎን ጠቀለለው፣ በግራ ጀመረው፣ በቀኝ ጀመረው። ከዚያ መሬት አስቀምጦ አየው።

"ቶማ በራሱ ልክ ነው ጥርስ ያወጣለት" አልኩ። "ሌላ አይነክሰውም።"

ብረቱን መልሶ በላስቲኩ ጠቀለለው።

"አረካ እኮ ቅርብ ነው። ሚኒባስ ሞልቷል።"

"ሥራ አለብኝ" አለና ተነሳ። ሥራ የለበትም። ማሽኑ ቆሟል።

ነሐሴ 28፣ ቅዳሜ

በያጅ አመጣ። በየደው። ሁለቱ ብረት፣ ቋሚውና ዟሪው፣ አንድ ላይ ተበየዱ። ጠብታ የለም፤ በእርግጥ የለም። መዞርም ድሮ ቀረ።

ስለዚህ ኤልሳዕ ጎማውን አይጠቀልለውም። ቀኑን ሙሉ ጭቃ ላይ ይጎትተዋል። የታጠበ መኪና በጭቃ ጎማ ይተሻሻል፣ መልሶ ይታጠባል። ሐዋሳዎቹ እንደሚያደርጉት ማለት ነው። ደንበኞች ማጉረምረም ጀምረዋል።

ለመሆኑ ይሄ ሁሉ ድካም ከአንድ ስልክ ይቀላል?

ጳጉሜ 3፣ ሐሙስ

አቶ ኤርካሎ መጡ። የቤተክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፣ ለእማዬም ሩቅ ዘመድ። በየዓመቱ ከጊፋታ በፊት ይዞራሉ። የተጣላ ካለ ያስታርቃሉ፤ ቂም ይዞ ወደ አዲሱ ዓመት መሻገር በእኛ ዘንድ የለም። ሌላው ሁሉ ይቀራል፣ ይሄ አይቀርም።

ከእሳቸው በላይ እኔ ተስፋ አድርጌ ነበር። ጠላ ቤት አይገቡም፣ ቡና አይጠጡም፣ ስለዚህ ማር በወተት አቀረብኩላቸው። ይድነቃቸውን አስቀመጡት።

"ይድነቃቸው፣ አንተና ቶማ መሃል ያለች ነገር ምንድናት?"

"ምንም።"

"ጠብ አለች?"

"ጠብ? ከቶማ ጋር? ኧረ አባቴ፣ የሚስቴ ወንድም ነው። ምን ጠብ አለኝ?"

አቶ ኤርካሎ እኔን አዩኝ። እኔ መሬት አየሁ። ለካ ከትናንት ወዲያ አረካ ሄደው ኖሯል፣ ቶማንም ጠይቀውታል። ቶማ "እኔ ከጋሼ ጋር ጠብ የለኝም፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው የማልመጣው" ብሏቸዋል።

"እንግዲህ" አሉ ሽማግሌው፣ ብርጭቆውን ጨርሰው፣ "ጠብ ከሌለ እኔ ምኑን አስታርቃለሁ? ሁለታችሁም ደህና ናችሁ። መርቄያችሁ ልሂድ።"

መርቀውን ሄዱ።

የኛ ሰው ነገር እንዲህ ነው። ተጣልቻለሁ ማለት ነውር ስለሆነ የተጣላ የለም፤ የተጣላ ስለሌለ የሚታረቅ የለም። ኩሩ ሁሉ። አሁን ስጽፈው ያስቀኛል። ቀን ግን አላሳቀኝም። ማታ ሽንኩርት ስከትፍ በእሱ አሳብቤ አለቀስኩ።

መስከረም 1፣ ሰኞ

2004። ልጆቹ አበባ ስለው ሰጡኝ። ይድነቃቸው ነጭ ለብሶ ቤተክርስቲያን ደርሶ መጣ። ዝናቡ ጠፋ። ሌላ ምንም።

መስከረም 4፣ ሐሙስ

የጊፋታውን ቅቤ አወጣን። እማዬ በእጇ ዳብሳ ነው ያየችው፣ ስንት ማሰሮ እንደሆነ፣ ጨው እንደበቃው። ከዚያ እንዲህ አለችኝ።

"ዘንድሮ ለእኔ ሥጋ አትቁረጡ።"

"ለምን እማዬ?"

"ጥርስ የለኝም።"

አምናም ጥርስ አልነበራትም፤ አድቅቄ ነው የምሰጣት። የአምናው ትዝ አለኝ። የቶማን ድርሻ በኮባ ጠቅልላ አስቀመጠች። ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል… መስቀል አለፈ። ሲሸት ይድነቃቸው አውጥቶ ጣለው። ኮባው የት እንደተጣለ ብቻ ጠየቀችኝ።

ይቺ ሴት ሁለተኛ ጊፋታ ያለ ልጇ ልታሳልፍ ነው። ስንት ጊፋታ ይቀራታል? ይሄን ልጠይቅ አልፈለግሁም፣ ጻፍኩት።

መስከረም 8፣ ሰኞ

የሄደው ሁሉ እየመጣ ነው። ከአዲስ አበባ፣ ከሐዋሳ፣ ከጅማ። ሁሉም ጊፋታን አገሩ ሊውል። መኪናው ሁሉ በመንገዱ ጭቃ ተለስኖ ነው የሚደርሰው፤ እናት ቤት ደግሞ ታጥቦ ካልሆነ አይገባም። ሰልፉ ከበራችን አልፎ ዳቦ ቤቱ ጋ ደረሰ። ይድነቃቸው ዓመቱን ሙሉ የጠበቃት ሳምንት ናት።

ከቀትር በኋላ አንድ ፒክአፕ ጎማውን ረግጦ ሲያልፍ ጎተተው። ብየዳው ቀጭ አለ። አንገቱ ሁለት ሆነ። ዟሪው ግማሽ ጎማው ጫፍ ላይ ተንጠለጠለ፣ ቋሚው መዘውሩ ላይ ቀረ።

ይድነቃቸው ገጣጠመውና በካላማዳሪ አሰረው። በሦስት ዙር። ከሚታጠበው መኪና ይልቅ ኤልሳዕ ረጠበ።

"ዛሬ ተጠመቅሁ" አለ ኤልሳዕ።

እማዬ ደከማት። ለእያንዳንዱ መኪና ትጠይቅ ነበር፣ ዛሬ መኪናው በዛባት። ማታ ላይ መጠየቅ ተወች።

መስከረም 11፣ ሐሙስ

ዛሬ ያደረግሁትን ልጻፈው።

ይድነቃቸው ከሰፈሩ ሰዎች ጋር ኮርማ ሊገዛ ጠዋት ገበያ ወጣ። ከክፍል ፈቃድ ጠይቄ ወጣሁ፣ እማዬ አሟታል ብዬ። ቤት ደርሼ ቢላ አመጣሁና ካላማዳሪውን ቆረጥኩት። ዟሪውን ግማሽ አንገት ከጎማው ፈታሁት። በመፍቻ። ቶማ በልጅነታችን የአባባን ብስክሌት ሲፈታ ያዥዋ እኔ ነበርኩ፣ እጄ አልረሳም።

ኤልሳዕ ባልዲ ይዞ ቆሞ ያየኛል።

"ምን አየህ?"

"ምንም አላየሁም" አለ። "መኪናዋ ግን በምን ትታጠባለች?"

"በባልዲ።"

ብረቱን በፌስታል አድርጌ አረካ ሄድኩ። ሚኒባሱ የበዓል ገበያተኛ ሞልቶታል፤ ዶሮ እግሬ ሥር፣ የቦዬ ሥራሥር በጆንያ ጉልበቴ ላይ።

ቶማ ቶርኖው ላይ አጎንብሶ ነበር። ሸብቷል። በአንድ ዓመት ሰው እንዲህ ይሸብታል?

"ሚቺዮ" አለኝ። እህትነቴን እንዲህ ብሎ የሚጠራው እሱ ብቻ ነው።

ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። አወጣው። አገላብጦ አየው። የተበላውን ጥርስ፣ የተሰበረውን ብየዳ። ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም። የታመመ ሰው እጅ እንደያዘ ነው የያዘው።

"ማነው የበየደው?"

"በያጅ።"

"ዟሪን ነገር ይበይዳሉ?"

ዓይኔን ወደ ቶርኖው መለስኩ።

"ጋሼ ነው የላከሽ?"

ውሸት ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር። "አይደለም" አልኩ። "ሰርቄ ነው።"

"እሺ። አዲስ እሠራልሻለሁ፣ ግን ሌላኛው ግማሽ የት አለ? እሱን ሳላይ ብሠራው ይሄው ነው የሚሆነው፣ ያፈሳል።"

"መዘውሩ ላይ ነው። አልወልቅ አለኝ።"

ይሄ እውነት ነው። አልወልቅ ብሎኛል። ብዙ እንዳልታገልኩትም እውነት ነው።

ቶማ አየኝ። ያውቀኛል፣ አብረን ነው ያደግነው። ብረቱን መልሶ አስቀመጠ።

"እማዬ እንዴት ናት?"

"መኪና በመጣ ቁጥር አንተ መሆንህን ትጠይቃለች። ሰኞ ዕለት መጠየቅ ተወች።"

ቶርኖውን አስነሳ። ድምፁ ውስጥ ሆኜ "ደህና ዋል" አልኩት፣ ይስማ አይስማ አላውቅም።

መስከረም 12፣ ዓርብ

"አንገቱ የት ሄደ?"

"አረካ።"

ይድነቃቸው ቆመ። ይጮሃል ብዬ ጠበቅሁ፤ ሲቆጣ ጆሮው ይቀላል፣ ቀላ። ሰልፉ በር ላይ ነው፣ ጡሩምባ ይነፋል። ከዚያ ባልዲና ስፖንጅ አንስቶ ወጣ፣ ሱሪውን ሰብስቦ የመጀመሪያውን መኪና ጎማ ማጠብ ጀመረ። የቀድሞ የበጀት ክፍል ኃላፊ።

ቀኑን ሙሉ ከኤልሳዕ ጋር በባልዲ አጠቡ። ከሰልፉ ገሚሱ ሄደ። ማታ እጁ አልጨበጥ አለው። ቅባት ቀባሁት።

"ምን አለ?" አለኝ፣ ዓይኑን ጨፍኖ።

"ማን?"

"እሱ።"

"ዟሪን ነገር ይበይዳሉ ወይ አለ።"

ዓይኑን ገለጠ። "ልክ ነው" አለ።

ቶማ ይመጣ ይሆን? አልነገረኝም። ላይመጣ ይችላል። አንገቱን ሠርቶ በሚኒባስ ሹፌር ሊልከው ይችላል፣ ያን ጊዜ የሠራሁት ሁሉ ሌብነት ብቻ ሆኖ ይቀራል። ፈርቻለሁ።

መስከረም 13፣ ቅዳሜ

መጣ።

ከመናኸሪያው በእግሩ ነው የመጣው። እማዬ የመኪና ድምፅ ስላልሰማች አልጠየቀችም። በረንዳው ላይ ወጥቶ ፊቷ ቆመ። እጇን ዘርግታ መዳፉን ያዘች፣ ጣት ጣቱን ዳበሰች፣ የብረቱን ጠባሳ አገኘች።

"በምን መጣህ?"

"በእግሬ።"

"ለካ ለዚህ ነው ያልሰማሁህ።"

ጓዳ ገባሁ። ማልቀሴን አልደብቅም፣ ደስ ብሎኝ ነው።

ስወጣ ሁለቱ ወንዶች መጠቅለያው ጋ ናቸው። ሰላምታ ተለዋውጠዋል መሰለኝ፣ "እንደምን አደሩ" "እግዚአብሔር ይመስገን" ዓይነት። ጋሼ የለም። ይድነቃቸው ሲወደው የሚጠራበት ቶሜም የለም። ቶማ እንደ አምናው በጀርባው ተኛ። ቋሚውን ግማሽ በዘይትና በመዶሻ አላቅቆ አወጣው፣ ለካው፣ ያመጣውን አዲስ ብረት በሞረድ ጥቂት ነካካው። ጥቁር የላስቲክ ቀለበቶች ከኪሱ አወጣ። ይድነቃቸው ቁጢጥ ብሎ ዕቃ ያቀብላል። ሳይጠየቅ።

"ያዝልኝ።"

"ይዣለሁ።"

"አሁን አጥብቅ።"

ይድነቃቸው መፍቻውን ያዘ። አጠበቀ። ደግሞ አጠበቀ። ቶማ ከሥር እጁን ልኮ የይድነቃቸውን እጅ ያዘው።

"በቃ። እዚህ ጋ ይቁም። ከዚህ ካለፈ መዞር ይተዋል።"

"ያፈሳላ።"

"አያፈስም። ውሃውን የሚይዘው ላስቲኩ ነው፣ ጉልበት አይደለም።"

ይድነቃቸው እጁን አነሳ።

ቶማ ከሥር ወጣ። ጀርባው ጭቃ ነው። እጁን እየጠረገ፣ ማንንም ሳያይ፣ "ጋሼ፣ ውሃውን ክፈተው" አለ።

ጋሼ።

ማሽኑ ተነሳ። ኤልሳዕ ጎማውን ሳበው፣ መዘውሩ ሲጥ ሲጥ ሳይል ዞረ። ጠብታ የለም። "ተፈወሰች" አለ ኤልሳዕ፣ በጸሎት ቤት ድምፅ። እስከ ማታ ስንት መኪና እንዳጠብን አልቆጠርኩም። ቶማም እጅጌውን ሰብስቦ አብሮ አጠበ።

ከዚያ ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ። ሚኒባስ ያመልጠኛል አለ። ሊሄድ ነው? ነገ ጊፋታ ሆኖ?

ይድነቃቸው መጠቅለያውን እያየ፣ "ነገ ቢያፈስስ ማን ይፈታዋል?" አለ።

"አያፈስም ጋሼ።"

"ቢያፈስስስ?"

ነገ ጊፋታ ነው። በጊፋታ ላቫጆ አንከፍትም፤ የትኛውም ላቫጆ አይከፈትም። ውሃውም ማሽኑም ዝግ ነው። ይሄን ሁለቱም ያውቃሉ።

ቶማ አንገቱን አየ። ከዚያ ይድነቃቸውን አየ።

"እሱስ ልክ ነው" አለና ቦርሳውን አስቀመጠ። "ለማንኛውም ልደር።"

መስከረም 14፣ እሑድ

ጠዋት ሁሉም "ዮዮ ጊፋታ" ተባባለ።

ኮርማው ከመታረዱ በፊት አቶ ኤርካሎ ቆመው "ቂም ያለበት ሰው አለ?" አሉ። ይድነቃቸው የለም አለ። ቶማም የለም አለ። "እኔስ መች አለ አልኩ" አሉ ሽማግሌው፣ ወደ እኔ እያዩ።

ይቅርታ የሚባል ቃል ማንም ሲያወጣ አልሰማሁም። ይድነቃቸው ዳጣውን ወደ ቶማ ፊት ገፋ አደረገው፣ ቶማ ከሻኛው ቆርጦ ይድነቃቸው ሳህን ላይ አኖረ። እማዬ ደቅቆ የተሰጣትን ሥጋ በላች። ጨመረች። ጥርሱ ከየት እንደመጣ አልጠየቅናትም።

ጥቅምት 18፣ ቅዳሜ

ቶማ ዛሬም መጣ። ግሪስ ልቀባው ብሎ። በየሁለት ሳምንቱ ይመጣል። "ይሄን ያህል ግሪስ ይፈልጋል?" ብዬ ጠየቅሁት። "አይፈልግም" አለ፣ እየቀባ።

ደንበኛ ሲጠይቅ ይድነቃቸው አሁን "ወንድማችን ነው የሠራው" ይላል። ወንድሜ ለማለት ገና ነው… ይሁን።

ኅዳር 22፣ ዓርብ

ፀሐይ። ከሥራ ስመለስ መኪና አልነበረም። ኤልሳዕ ለመዝሙር ልምምድ ቀድሞ ወጥቷል። እማዬ በረንዳው ላይ እንቅልፍ ይዟታል።

ይድነቃቸው መጠቅለያው ሥር ነው። በጀርባው ተኝቶ። እግሩ ብቻ ይታየኛል። ምን ሊያጠብቅ ነው ደግሞ ብዬ ደነገጥኩ፤ ያ ሁሉ ሥራ እንደገና… ቀረብ አልኩ። አላየኝም።

እያጠበቀ አይደለም። በትንሿ መፍቻ ዳዶውን ጥቂት አላላው። ጣቱን ሥሩ አድርጎ ጠበቀ። ጠብታ እስኪመጣ። አንድ መጣች። ጣቱን በሱሪው ጠረገ፣ መፍቻውን ከሳጥኑ አኖረ።

ወደ ኋላ ተመልሼ ገና እንደገባ ሰው በሩን አንኳኳሁ።

"መጣሽ?" አለ፣ አቧራውን እያራገፈ። "ፋንታዬ፣ ይሄ አንገት ማንጠባጠብ ጀምሯል መሰለኝ። ለቶማ ደውይለት እስቲ፣ ነገ ይምጣ።"

ደወልኩለት።